የምሕንድስና ስምና የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። የሰው ስም በመልአክ ቢወጣም የሙያና የዕውቀት ዘርፍ ስም ግን የሚወጣው በሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በነጋዴ፣ አንዳንድ ጊዜ በቤተ መንግሥት ጸሐፊ፣ አንዳንድ ጊዜም በተሳዳቢ አንደበት ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን አውጪው ተረስቶ ስሙ ብቻውን ይቆማል። ሕዝቡም ሙያውን የሚያየው በሥራው ሳይሆን በስሙ በኩል ይሆናል። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው አባት፣ በጀት የሚመድበው ባለሥልጣን፣ ደጁ ላይ የመለኪያ መሣሪያ ሲተከል የሚያየው ገበሬ፣ ሁሉም አስቀድመው የሚያገኙት ስሙን ነው።

«መሐንዲስ» የምንባለው እኛም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ እስከ ፋርስ ቋንቋ ይዘልቃል፤ በዚያም መለካትን፣ መመጠንን ያመለክታል። ዐረቦች ለጂኦሜትሪ ዕውቀት የሰጡት ስም ከዚሁ የወጣ ነው። እንግዲህ መሐንዲስ ማለት በጥንተ ትርጉሙ የሚለካ ሰው ማለት ነው። ይህ ስም በአገራችን እንዴት ያለ ክብር እንዳገኘ፣ እንዴት ያለ ሥጋትም እንዳተረፈ ለመረዳት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የሠራውን የስዊሱን መሐንዲስ የአልፍሬድ ኢልግን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራወንፌልድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ክፍለ ሀገር፣ ፍራወንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስናን ተምሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ጥያቄያቸው በኤደን በሚነግድ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ወደ ዙሪክ ደረሰ። ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ በ1878 ከሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተነሣ። በዘይላ በኩል ያለው ጉዞ ረጅምና አድካሚ ስለ ነበር አንኮበር የደረሱት በሚቀጥለው በ1879 ነው። ኢልግ በዚያ ጊዜ ገና ወጣት ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ጫማ መሥራት እንደ ነበረ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ይተረካል። ፖሊቴክኒክ የጨረሰ መሐንዲስ ጫማ ስፋ ሲባል ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ኢልግ ግን ጫማውን ሠራ። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣቱ እንደሚረክስ እያወቀም እርሱንም ሠራ። ከንጉሡ አመለካከት አንጻር ሲታይ ትእዛዙ እንግዳ ነገር አልነበረም። በጊዜው በነበረው ልማድ በእጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ወገን ነበር፤ ብረት የሚያቀልጠውን፣ ቆዳ የሚሰፋውንና ድልድይ የሚዘረጋውን የሚለይ የዘርፍ ስም አልነበረም። ኢልግ የሙያውን ወሰን በስም ለማስከበር ቢሞክር ኖሮ ምናልባት በመጣበት መንገድ ይመለስ ነበር። አማርኛ ተማረ፣ የአገሩን ልማድ ለመደ፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ቤተ መንግሥት በማነጽም ተካፈለ። ሰዉም በፈረንሳይኛው የአክብሮት መጠሪያ ልማድ ሙሴ ኢልግ ይለው ጀመር።

ጠቢብና ጠይብ

እዚህ ላይ የኢልግን ታሪክ ለጥቂት አቁመን፣ እርሱ በመጣበት ዘመን የእጅ ሥራ በአገራችን የነበረውን ስም መመልከት ይገባናል። በግእዝ «ጠቢብ» ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። በዐረብኛ ተመሳሳዩ ቃል የሐኪም መጠሪያ ሆኗል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ጠይብ» የሚለው የአማርኛ ቃል ግን ብረት ቀጥቃጩን የሚያዋርድ ስድብ ሆኖ ቀረ። ጠይብ የተባለው ሰው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩንና ልጓሙን ሠርቶ ለሌላው ይሰጣል፤ ነገር ግን ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ልጁም ከአባቱ ሙያ ጋር አብሮ ስድቡን ይወርሳል። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት፣ አንዱ ወደ መንበር ሲወጣ ሌላው ወደ መንደር ዳር ተገፋ።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር ከአገር ዕድገት ጋር አያይዘው ማየታቸው በሕግ ሥራቸው ይታወቃል። በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ ቆዳ የሚፍቀውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዘዙ፤ ተሳዳቢውም እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ስለ መሣሪያና ስለ ትምህርት ቤት አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ስም ነው። ሙያ የሚጠፋው ባለሙያው በስሙ ሲያፍር መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አዋጁ ሊያስተካክለው ያልቻለ አንድ ነገር ነበር። ኢልግ ብረት ሲያግል መሐንዲስ ነው፤ ከጎኑ ወናፍ የሚነፋው የአገር ልጅ ግን ጠይብ ነው። እሳቱ አንድ፣ ብረቱ አንድ፣ መዶሻውም አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ስም ከውጭ አገር የመጣ በመሆኑ የአገር ውስጡ ነቀፋ አልነካውም፤ ለዚህም ነው ምሕንድስና በአገራችን ከጅምሩ ክብር ያገኘው። ይህ ጥሩ ዕድል ይመስላል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፈለ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ብዙ መቶ ዓመታት ብረት ማቅለጥ ሲያውቅ የኖረው ወገን ወደ አዲሱ ሙያ የሚሻገርበት የስም ድልድይ አልተሠራለትም። ምሕንድስና ከአንጥረኛው ቤት ሳይሆን ከባሕር ማዶ የመጣ ዕውቀት ሆኖ በሕዝቡ አእምሮ ተቀረጸ። ተማሪውም መሐንዲስ ሲሆን እጁን ከሥራ ማራቅ የማዕረጉ ምልክት መሰለው።

ሽቅብ የወጣው ውሃ

የኢልግን ስም በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ ከፍ ያደረገው ሥራ ውሃ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከእንጦጦ ግርጌ ያለውን ምንጭ በቧንቧ አውርዶ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ አስገባው። የምንጩ ቦታ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ውሃው ቁልቁል ሸለቆውን ወርዶ በራሱ ግፊት ሽቅብ ሊወጣ ይችል ነበር። ለማኅበራችን አባላት ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ነገሩ ተአምር ነበረ፤ አስቀድሞ የተጠራጠሩና የተሣለቁ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ውሃው ሲደርስም ደስታው በዘፈን እንደ ተገለጸ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። መሐንዲስ በዚያ ቀን በከተማው ሰው ዓይን የሚለካ ሰው መሆኑ ቀርቶ የማይሆነውን የሚያደርግ ሰው ሆነ።

የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ታሪክ ከዚያ ትንሽ ቧንቧ ተነሥቶ ሰፋ። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲሰጥ የኖረው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በቡራዩ አጠገብ ነው። የእንጦጦን ተራራ ተሻግረን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ደግሞ ውሃው ፊቱን ያዞራል። የደቡቡ ተዳፋት ውሃውን ለአዋሽ ሲሰጥ፣ የሱሉልታ ሜዳ ግን በሙገር በኩል ለዓባይ ይገብራል። ዛሬ ሱሉልታ በታሸገ ውሃ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች። ኢልግ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባው የእንጦጦ ውሃ ዘመዱ ዛሬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ በየሱቁ ይሸጣል።

በዚህ ዘርፍም የስም ነገር ሥራውን ሲሠራ እናያለን። ንጹሕ ውሃ ማስገባትና የቆሸሸውን ማስወጣት በምሕንድስና አንድ ዕውቀት ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው የግድብና የመስኖ ስም ይዞ ሲከበር፣ ሁለተኛው የፍሳሽና የቆሻሻ ስም ይዞ ተማሪ የሚሸሸው ሆኗል። በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ሲመረጥ ወጣቱ ለወላጁ ሲነግር የማያፍርበትን ስም ይፈልጋል። ስለዚህ ትምህርቱ «ሳኒታሪ» ተብሎ ሲሸሽ «ኢንቫይሮመንታል» ሲባል ይወደዳል፤ የሚሰላው የቱቦ ስፋትና ተዳፋት ግን ያው ነው። በሰበታ ዙሪያ ያሉ ወንዞች ከፋብሪካ በሚወጣ ፍሳሽ መበከላቸው በተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ተጽፏል። በነዚህ ከተሞች እጅግ የሚያስፈልገው መሐንዲስ የዚህ ዘርፍ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ጠይብ የሚለው ቃል በአንጥረኛው ላይ የሠራውን በርሱ ላይ እየሠራ ነው።

የምድር ባቡር

የኢልግ ትልቁ ሐሳብ ግን ባቡር ነበር። ብዙ ዓመታት ሲያስብበት ከቆየ በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን 1894 ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ሰጡት። የሥራ ባልደረባው ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ ነበር። በ1896 ኩባንያው ተቋቋመ፤ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያው ዘመን ኢልግ በፓሪስ የታተሙት የምኒልክ ገንዘብና የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ቴምብሮች እንዲወጡ አገልግሏል። በ1897 የመንግሥት አማካሪ ማዕረግ ተሰጥቶት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚደረገው ድርድር ዋና ሰው ሆነ። የስልክ መስመር የተዘረጋውም በዚሁ ዘመን ነው።

ሕዝቡ ለነዚህ አዳዲስ ነገሮች ያወጣቸው ስሞች ልብ ሊባሉ ይገባል። «ባቡር» የእንፋሎት ስም ነው፤ ከአውሮፓ ቋንቋዎች በዐረብ ነጋዴዎች በኩል የደረሰን ነው። በእንፋሎት የሚሄደው ሁሉ ባቡር ተባለ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣት የመንገድ ሞተር የሰርኪስ ባቡር ተባለች፤ እህል የሚፈጨውም ወፍጮ ባቡር ሆነ። በሐዲድ የሚሄደው ከሌላው እንዲለይ የምድር ባቡር ተባለ። «ስልክ» ደግሞ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን መሣሪያ በኪሳችን ይዘን ሽቦ ብለን እንጠራዋለን። ሕዝቡ ያወጣቸው እነዚህ ስሞች የሚታየውን ነገር፣ ጢሱንና ሽቦውን ይዘው የተነሡ ናቸው፤ ማንንም አላስፈሩም፣ ማንንም አላራቁም። ገበሬውም ምሁሩም በአንድነት ተቀበሏቸው።

የኩባንያው ስም ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ድርጅቱ ገንዘብ ሲያጥረው በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ገባበት፤ ዐፄ ምኒልክም ባቡሩ የንግድ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የባዕድ መንግሥት እጅ ማስገቢያ እንዳይሆን ሠጉ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ኢትዮጵያ የተዋዋሉት ውል ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ አሳየ። ኢልግ በዚህ ነገር ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ለአንድ ምዕተ ዓመት የሚቆይ ሰፊ መብት በግል ሰው እጅ መግባቱ ካፒታሉን ያመጣው አገር ጌታ እንዲሆን በር ከፍቷል። እርሱም በ1906 ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ ዙሪክ ሄደ፤ ወደ ሥራውም አልተመለሰም። የቀድሞው ኩባንያ ከስሮ በ1908 በፈረንሳዮች በተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ የምድር ባቡሩም የፍራንኮ ኢትዮጵያ ተባለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አልፍሬድ ኢልግ ግን ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ዐርፏል፤ ያሰበው ባቡር ወደ ከተማዋ ሲገባ አላየም።

ከዚያ በኋላ ስሙ በባቡሩ ታሪክ ውስጥ ደበዘዘ። የኩባንያው ስም የፈረንሳይ፣ የጣቢያው ስም ለገሃር፣ ይኸውም ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ የተወሰደ፣ የሠራተኛው የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ በመሆኑ፣ ባቡሩ የፈረንሳዮች ሥራ ብቻ ተደርጎ በሕዝቡ ዘንድ ተቆጠረ። የኢልግ ሐሳብ፣ ሐዲዱን ያነጠፉት የኢትዮጵያ፣ የሶማሌና የአፋር ሠራተኞች ድካም በዚያ ስም ውስጥ ቦታ አላገኙም።

የሚለካው ሰው ሲመጣ

በ2016 ሥራ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሣው ከሰበታ ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሰበታ በኢልግ ዘመን በባቡሩ ዕቅድ ውስጥ ስሟ ያልተነሣ ስትሆን ዛሬ የመስመሩ መነሻ ሆናለች። በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። መንገድ፣ ሕንፃ፣ ፋብሪካና የኤሌክትሪክ መስመር በየቀኑ የሚሠራባቸው ስለ ሆኑ፣ መሐንዲስ እጅግ የሚበዛባቸው ከተሞች ናቸው።

ነገር ግን በነዚህ ከተሞች ዳር በሥራ የተዘዋወረ ባልደረባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ ሲተከል የአካባቢው ሰው ፊት ላይ የሚነበበው ቤተ መንግሥት ውሃ የገባ ቀን የታየው ደስታ አይደለም። ሰዉ መሐንዲስ መጣ ሲል፣ መሬት ሊለካ ነው፣ የተለካውም ሊወሰድ ነው ማለቱ ነው። ይህ ሥጋት ትናንት የተወለደ አይደለም። በምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ በቃላድ ገመድ መሬት ሲለካ ከተለካው ላይ ብዙው ለሌላ ሰው እንደ ተሰጠ ከአያት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። በቅርቡም በ2014 የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን የሚያጣምረው ማስተር ፕላን ሲገለጽ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2016 ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። በዩኒቨርሲቲ ማስተር ፕላን የውሃን፣ የመንገድንና የመኖሪያን ስፍራ አስቀድሞ የሚያስማማ የሙያ ሰነድ ነው። በገበሬው ጆሮ ግን ስሙ መፈናቀል ሆነ። ገበሬው ቃሉን በስሕተት ተረዳው ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በፊቱ የሠራውን አይቶ ነው የተረዳው። የውጭ አገር ስም የያዘ፣ በቋንቋው ያልተብራራ፣ ሳይመክርበት የተዘጋጀ ነገር ሲመጣ፣ ስሙን በሚያውቀው ነገር ተረጎመው።

እንግዲህ ስማችን ሁለት ፊት አለው። በቤተ መንግሥትና በከተማ መካከል መሐንዲስ ማለት የማይሆነውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ በከተማው ዳር ደግሞ ገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ጥንታዊው የቃሉ ትርጉም፣ መለካት፣ ሁለቱንም ይሸከማል። ለምን እንደሚለካና ለማን እንደሚለካ ሲነገር ክብር ይሆናል፤ ሳይነገር ሲቀር ሥጋት ይሆናል።

ለማኅበራችን

ከኢልግ ሕይወት ለሙያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ኢልግ የሰውን ቋንቋ መማሩ ነው። ሥራውን በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ሰው በመሆኑ ንጉሡ አመኑት። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የአማርኛ ቃላት ለማዘጋጀት ብዙ ደክሟል፤ እኛ ግን ሪፖርታችንን በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ ለቀበሌው ነዋሪ በግማሽ እንግሊዝኛ እንናገራለን። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ ማስረጃው በአፋን ኦሮሞም መቅረብ አለበት። ባለቤቱ በማያውቀው ስም የተጠራ ሥራ በባለቤቱ አይጠበቅም።

ሁለተኛው፣ ኢልግ ጫማ ለመስፋት አለማፈሩ ነው። ዛሬ የሜካኒካል መሐንዲስ መካኒክ ሲባል ይቆጣል፤ ቁጣው ግን ከጠይብ ስድብ የተረፈ ቁጣ መሆኑን ልብ አይልም። በየከተማዎቹ የመኪና መንገድ ዳር ብረት የሚበይደው፣ በርና መስኮት የሚሠራው፣ የወፍጮ ሞተር የሚጠግነው ሰው የሙያችን ወገን ነው። ማኅበራችን እነዚህን ባለሙያዎች በተባባሪ አባልነት የሚቀበልበትን ደንብ ቢያወጣ፣ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ የጀመረውን ከፍጻሜ ማድረስ ይሆናል።

ሦስተኛው የፍሳሽ ምሕንድስናን ይመለከታል። ስሙን ወደ ባዕድ ቋንቋ መለወጡ ተማሪ ያመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ኅብረተሰቡ ሥራውን እንዳያውቀው ያደርጋል። ከዚያ ይልቅ ዘርፉን በሚሠራው ነገር መጥራት፣ ለምሳሌ የወንዝና የከተማ ጤና ምሕንድስና ማለት፣ ተማሪውንም አያሳፍርም፣ ነዋሪውንም አያደናግርም። ይህን ስም ወይም ከዚህ የተሻለ ስም ለመምረጥ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከቋንቋ ባለሙያዎችና ከነዚህ ሦስት ከተሞች ነዋሪዎች ጋር እንድንነጋገርበት፣ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አሳብ አቀርባለሁ።